የጎጆ ቤት ምስክርነት

ወጣቶች ሆይ፤ የታሪክ መጽሐፍ ስትከፍቱ ከሁሉ አስቀድሞ የምታገኙት የነገሥታትን ስም፣ የጦርነትን ቀንና የከተማን መቆርቆር ነው። ይህም መጻፉ ተገቢ ነው። የእኛ የሰሜን አገርም በእንዲህ ያለው ታሪክ ድኻ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ነገር ግን በዚያች ዕለት ከደረስጌ በታች ባለች አንዲት መንደር የምትኖር የገበሬ ሚስት በስንት ዓመቷ እንደ ተዳረች፣ ልጆችዋ ሌሊት የት እንደ ተኙ፣ ከማዕዱ ማን ቀድሞ ማን ቆይቶ እንደ በላ የሚነግራችሁ ገጽ ብትፈልጉ አታገኙም። ጸሐፊው በንጉሡ ድንኳን ነበረ፤ በእርስዋ ጓዳ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ያልተጻፈላቸው ሰዎች ታሪክ ከየት ይገኛል? ከተገኘስ በኋላ የምንኮራበት ብቻ ሳይሆን የምናፍርበትም ቢሆን ምን ልናደርገው ይገባናል? እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዳባትና በደባርቅ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ መፈለግ የጀመርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያስጀመረኝም መጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ እጄ ያፈረስሁት ቤት ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ቋንቋችንን እንጠይቅ። በአማርኛ «ቤት» ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። አብረው የሚኖሩትን ሰዎች «ቤተ ሰብ» እንላቸዋለን፤ ይኸውም የቤት ሰው ማለት ነው። ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላሉ። ወንድ ልጅ አግብቶ ራሱን ሲችል «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ትዳርንም «ሦስት ጉልቻ» ብለን በምድጃው ድንጋይ እንጠራዋለን። ሽማግሎች ለጋብቻ ዝምድና ሲቈጥሩ «እስከ ሰባት ቤት» ይላሉ፤ ትውልዱን የሚቈጥሩት በቤት ነው ማለት ነው። ፈረንጆች ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተ ሰብ ስም አላቸው። በእኛ አገር ግን ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ የአያት ስም ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ፈረንጆች በስም ያያያዙትን ትውልድ የእኛ አባቶች በቤት ቦታና በርስት አያይዘውት ነበር። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት እንኳ ያለ ቤት አልተነገረም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራራ ላይ፣ ሞንታዩ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ዣክ ፉርኒዬ የሚባል ጳጳስ የመንደሯን ገበሬዎችና እረኞች ስለ ሃይማኖታቸው እየመረመረ ቃላቸውን በመዝገብ አስጻፈ። ኤማኑኤል ለሯ ላዱሪ የተባለ የታሪክ ሊቅ ያንን መዝገብ አጥንቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገበሬዎቹ ዘንድ ቤትና ቤተ ሰብ በአንድ ቃል ይጠሩ እንደ ነበረ አሳየ። ሞንታዩ መከራዋ መዝገብ ተረፈላት። ለሰሜን መንደሮች ግን ገበሬውንና ሚስቱን ተራ በተራ ጠርቶ ቃላቸውን የጻፈላቸው አልነበረም። የቀረላቸው ምስክር ቤቱ ራሱ ነው።

እንግዲያስ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ወጣ ብለን ወደ አንድ የቆየ ጎጆ እንግባ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ በበጋው ሌሊት የሚወርደው ውርጭ አጥንት ይሰብራል። የገበሬው የቆየ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ወይ እንጨቱ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው፣ ወይም ድንጋይ በጭቃ የተካበ ነው። በመካከሉ ምሰሶ ቆሟል፤ ጣራው በሣር ተከድኖ በአናቱ ላይ ጉልላት ተደፍቶበታል። በሩ አንድ ነው። መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም እጅ ከማስገባት አያልፍም። ከብቱም ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ይህን ሁሉ አይቶ የድንቁርና ምልክት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት እንደ ምስክር እንጠይቀው።

መስኮት ስለ ምን የለህም ብንለው፣ ብርዱን ያሳየናል። ከብቱን ስለ ምን ታሳድራለህ ብንለው፣ ሦስት ነገር ይመልስልናል። የከብት ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል፤ በጋጣው ላይ በተረበረበው ቆጥ የሚተኙት ልጆች ያለ ብርድ ልብስ የሚያድሩት በእርሱ ነው። ደግሞም በውጭ ያደረ ከብት ለጅብና ለሌባ ነው። ሦስተኛውም በሬ ማለት የቤተ ሰቡ ሕይወት ማለት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ሕዝቡን ለራብ እንደ ዳረገው ከአያቱ የሰማ ገበሬ፣ በሬውን ከምሰሶው አጠገብ ቢያስር ምን ያስደንቃል? ጎታውንም ተመልከቱ። እህል የሚቀመጥበት ይህ የጭቃ ዕቃ በምድጃውና በጓዳው መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። የቤቱ ሀብት ለሴቲቱ መጋረጃዋ ነው። እህሉ ሲያልቅም እጅዋን ወደ ጎታው ሰድዳ መጀመሪያ የምታውቀው እርስዋ ናት፤ ባልና ልጆች የሚያውቁት ቆይተው ነው።

ከዚህ በኋላ መቀመጫዎቹን ተመልከቱ። ከእሳቱ ፊት ለፊት ያለው ከፍ ያለ መደብ የአባወራውና የእንግዳው ነው። እናት ከጉልቻው አጠገብ፣ ከጭሱ በታች፣ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ልጆች በአጎዛ ላይ መሬት ናቸው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ እስከ ተከለከለ ድረስ ባሪያ በነበረበት ቤት፣ የእርሱ ስፍራ ከእሳቱ የራቀውና የቀዘቀዘው ነበረ። ማንም ይህን በወረቀት አልጻፈውም፤ ነገር ግን ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቀው ነበር። ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚያገለግል ትምህርቱን የሚሰጠው የወለሉ ከፍታ ነበረ።

ቤቱ ክብና አንድ ክፍል መሆኑም የራሱን ነገር ይመሰክራል። በእንዲህ ያለ ቤት ምሥጢር አያድርም። አባት ሲጸልይ ልጅ ይሰማል፤ እናት ስታለቅስ እንግዳ ይሰማል። ስለዚህ ቁጣን መዋጥ፣ ቃልን መመጠን፣ ሌላው ሲቸገር አውቆ እንዳላዩ መሆን የቤቱ ጨዋነት ሆነ። ማታ በእሳቱ ዙሪያ የሚነገረው ተረትና እንቆቅልሽም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈው የሚለይ ግድግዳ ስላልነበረ ነው። ነገር ግን ሚስት ስትመታም ይሰማ ነበር፤ ሰምቶ ዝም ማለትም በዚያው ቤት ይለመድ ነበር። ምስክር ከተባለ እንግዲህ የሚያስደስተንን ብቻ እንዲናገር ልናዝዘው አንችልም።

«ጎጆ ፈራሽ ነው፤ እንዴት የታሪክ ምስክር ይሆናል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ጎጆ እንደ ጎንደር ግንብ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ በዚያ ዘመን ኖራውን የተሸከሙት ሰዎች ጎጆ ግን አንድም የለም። የሣር ክዳን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይለወጣል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ይናዳል። ይሁን እንጂ አዲሱን ጎጆ የሚሠራው ልጅ ምድጃውን አባቱ ባኖረበት በኩል ያኖረዋል፤ ጓዳውን እናቱ በለየችው በኩል ይለየዋል፤ ወፍጮውን ከነበረበት አያንቀሳቅሰውም። እንጨቱ አዲስ ሲሆን አሠራሩ አሮጌ ነው። ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ያልፋሉ፣ ቃሉ ይቀራል።

እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። የተወለድሁት ከዳባት የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቈጥሬ ከዚያ በኋላ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። አንድ ቀን መምህራችን ወረቀትና እርሳስ አድለው «ቤት ሣሉ» አሉን። ሁላችንም አራት ማዕዘን የሆነ፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ ከጣራው ላይ የጭስ መውጫ የቆመለት ቤት ሣልን፤ በእንግሊዝኛው የንባብ መጽሐፍ ላይ የነበረው ቤት እንዲያ ነበርና። መምህራችን ወረቀቶቹን ካዩ በኋላ «ከእናንተ ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እጁን ያነሣ አልነበረም። ማንም ሳያዝዘን የእናቶቻችንን ቤት ከቤት ቈጥረነው አልነበረም።

ያ እፍረት በውስጤ አድጎ ሥራ ሠራ። እናቴ በ1999 ዓ.ም. ዐረፈች። በሚቀጥለው ዓመት በጋ ላይ ወንድሞቼን ሰብስቤ «የእናታችንን ቤት አፍርሰን ቆርቆሮ እንሥራበት» አልኋቸው፤ እነርሱም ደስ አላቸው። ክዳኑን ገፈፍን። በጥቀርሻ የጠቈረውን እንጨት ለማገዶ ከመርን። ጎታውን ሰበርን። ወፍጮው የተቀመጠበትን መደብም በዶማ ናድን። በእኛ አገር ወፍጮ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከላል፤ ፈጪዋም ቆማ አጎንብሳ መጁን ትገፋለች። ከዚያ ከመደቡ ግርጌ፣ ፈጪዋ ከምትቆምበት ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘን። ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ውፍረቱ ከስንዝር ያልፋል። ወለሉ በየጊዜው በእበት ሲለቀለቅ ከፍ እያለ ስለ ሄደ ድንጋዩ እስከ ግማሹ ተቀብሮ ነበር፤ ላዩ ግን እንደ ሳሙና ልስልስ ያለ ነው። ምን እንደ ነበረ ማንንም አልጠየቅሁም። ከአዲሱ ቤት ደጃፍ አስቀመጥሁትና ክረምት ክረምት ከጫማዬ ላይ ጭቃ እጠርግበት ጀመር። እንዲህ ሆኖ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የአባቴ እኅት ለበዓል ሊጠይቁኝ መጡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ከደጃፉ ሲደርሱ በበትራቸው ድንጋዩን ነካ አድርገው ቆሙ።

«ይህን ከዚህ ማን ጣለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፤ ምን ነበረ?» አልኋቸው።

«አታውቀውም ልጄ? እናትህ ያደገችበት እኮ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። እናቴ ወደዚያ ቤት በሙሽርነት የመጣችው በዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበረ። አክስቴ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ቢሆኑም አልረሱትም። «ወፍጮው እስከ ደረቷ ይደርስ ነበር፤ መጁን ስትገፋ በእግሯ ጣት ትቆም ነበር። እናታችን ይህን አይታ አንጀቷ አልችል አለ። ይህን ድንጋይ ከወንዝ አሸክማ አምጥታ ከእግሯ ሥር አኖረችላት። ኋላም እኅቶችህ በየተራቸው ቆመውበታል» አሉኝ።

እናቴ ይህን አንድ ቀንም አልነገረችኝ። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። እኅቶቼ በዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ሲፈጩ አይቼ ማደጌ የማይቀር ነው፤ ዓይኔ አይቶት ልቤ አላየውም። የነገሥታትን ዘመን ከቃሌ ሳላዛንፍ ለልጆች ሳስተምር፣ የእናቴ ታሪክ ከጫማዬ ሥር ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ድንጋይ ብዙ አስቤአለሁ። ድንጋዩ ያስቀመጠችው አያቴ ደግ ሴት ነበረች፤ እኔ አውቃታለሁ። ልጅቱ ስትቸገር ባየች ጊዜ አዝናለች፤ በማዘንም ብቻ አልቀረችም፣ አንድ ነገር አድርጋለች። ነገር ግን ርኅራኄዋ የደረሰው እስከ ድንጋዩ ድረስ ነው። ልጅቱን ለሸክሙ አስተካከለቻት፤ ሸክሙን ከልጅቱ አላነሣችላትም። እንዲህ ያለው ሐሳብ ወደ ልቧ አልመጣም ይሆናል፤ እርስዋም በልጅነትዋ እንዲሁ ወደ ሌላ ሰው ወፍጮ መጥታ ነበርና። ሸክሙ የተነሣው ቀስ በቀስ፣ ከሌላ በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ዐሥራ አምስት አደረገው፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ዐሥራ ስምንት አደረጉት። የሞተር ወፍጮም መጣ። ሕግ ሁሉ በየመንደሩ ወዲያው አልተፈጸመም፤ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ የምትቆም ልጅ ዛሬ በቤታችን የለችም።

ስለ አባቶቻችን ቤት ሲነገር ሁለት ዓይነት ሰው እሰማለሁ። አንደኛው «ጭስ፣ እበትና ቁንጫ ነበረ፤ ይረሳ» ይላል። ሁለተኛው «ፍቅር፣ መተሳሰብና መከባበር ነበረ፤ ይመለስ» ይላል። ሁለቱም ቤቱን አልጠየቁትም። ጭሱን እንኳ ብንወስድ፣ የጣራውን እንጨትና ሣር ከተባይና ከመበስበስ የሚጠብቀው ጭሱ ነበረ፤ የእናቶቻችንን ዓይን ያጠፋውም ያው ጭስ ነው። ቤቱን ያቆመውና ሴቲቱን የጎዳው አንድ ነገር ነበረ። ይህን አንድ ላይ ይዞ ማሰብ ከመስደብም ከማወደስም ይልቅ ከባድ ነው፤ ነገር ግን አባትንና እናትን ማክበር ማለት ይህ ይመስለኛል። ያልነበሩትን አድርጎ ማመስገን አላከበራቸውም፤ ያደረጉትን ሳያውቁ መናቅም እንዲሁ።

ይህን ስል ራሴን ከአያቴ የተሻልሁ አድርጌ አይደለም። በአስተማሪነቴ ዘመን ከገጠር መጥታ በከተማ በሰው ቤት ተጠግታ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። በማለዳ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። እኔም አዘንሁላት፤ አልመታኋትም፣ አልተቈጣኋትም፤ ከበስተኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋትና ስታንቀላፋ እንዳላየሁ ሆንሁ። ደግ መምህር የሆንሁ መሰለኝ። የምታድርበት ቤት ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ እንጀራውን ማን እንደሚጋግር አልጠየቅኋትም። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቷን ትታ ሄደች። ያ የኋላ አግዳሚ የእኔ ድንጋይ ነበረ። አያቴ የሠራችውን እኔ ተምሬና ሠልጥኜ ደገምሁት። በየዘመኑ የሚያሳዝን ሸክም አለ፤ በየዘመኑም ሸክሙን ሳያነሡ ከእግር ሥር ድንጋይ የሚያኖሩ ደጋጎች አሉ። የድሮውን ቤት የማንበብ ጥቅሙ፣ የራሳችንን ድንጋይ እንድናይ ዓይን መስጠቱ ነው።

ለማንበብም ጊዜው እያጠረ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከተስፋፋ ወዲህ ቀጥ ያለ እንጨት እንደ ልብ ተገኘ። ቆርቆሮ ደግሞ ቀጥ ብሎ የተቈረጠ ስለ ሆነ በክብ ቤት ላይ አይመችም፤ ስለዚህ ጣራው ሲለወጥ ግድግዳውም አራት ማዕዘን ሆነ። ማዕዘን ያለው ቤት በቀላሉ ይከፈላል፤ መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት ተለየ፤ ከብቱ ወደ ውጭ ወጣ፤ ልጅ የራሱ በር አገኘ። ይህ ለጤናም ለጨዋነትም ብዙ ጥቅም አለው፤ እኔም በደስታ እኖርበታለሁ። ነገር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በየመንደሩ ሲፈጸም፣ የስንት መቶ ዓመት ምስክር ሳይጠየቅ ይሄዳል።

ቤቱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በፓርኩ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በግጭ ላይ፣ ከአራት መቶ በላይ አባወራ ገብስ እየዘራና ከብት እያረባ ይኖር ነበር። ለዋልያውና ለሣሩ ሲባል በ2008 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ስለ ዋልያው ቍጥር ብዙ ተጽፏል። በዚያ ብርድ ውስጥ ሕፃን እንዴት ሞቆ እንዳደገ የሚያውቁት ግን ዛሬ ደባርቅ ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ይጠብቃሉ። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም በወገራና በስሜን የራሳቸው መንደር ነበራቸው። ከቤቶቹ ፈንጠር ብላ፣ ዙሪያዋ በድንጋይ የተከበበች፣ ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚለዩባት የመርገም ጎጆ ነበረቻቸው። በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል አገር ሲሄዱ ጎጆዋ ኦና ሆነች። ያች ጎጆ ለሴቶቹ እስር ቤት ነበረች ወይስ ከወፍጮ የሚያርፉባት? ድንጋዩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል፤ መልሱ የነበሩባት ሴቶች ጋራ ነው። ቤት ይመሰክራል፤ ነገር ግን ቃሉን የሚፈታለት የቤት ሰው ያስፈልገዋል። እኔም ድንጋዩን ዐሥራ አንድ ዓመት አየሁት፤ ያነበቡልኝ አክስቴ ናቸው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ የምመክራችሁ ቤቱን አታፍርሱ ብዬ አይደለም። ቤት የተሠራው ለሰው ነው፤ እናታችሁን ጭስ ከሚያሳውራት ጎጆው ቢፈርስ ይሻላል። ነገር ግን ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያታችሁ ጋራ ግቡ፤ ምድጃው፣ ጓዳው፣ መደቡ፣ ወፍጮው የት የት እንደ ነበረ ሣሉ። ማን የት ይተኛ ነበር? እንግዳ ሲመጣ ማን ስፍራውን ይለቅ ነበር? ማን መጨረሻ ይበላ ነበር? በዚህ ቤት ስንት ሰው ተወለደ፣ ስንቱስ ሞተ? አንቺስ እማማ በስንት ዓመትሽ መጣሽ? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚያሳፍር ቢሆንም እንዳለ ጻፉት። ዛሬ በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይገኛል። የእናቶቻቸው ፎቶግራፍ ግን በየትኛውም መዝገብ የለም፤ የእነርሱ መዝገብ በዚያ ከሰዓት በኋላ የምትጽፉት ነው።

ድንጋዩን ከደጃፌ አንሥቼ አጥቤ ወደ ሳሎን አገባሁት። ሰው ሁሉ ምን ያደርግልሃል ይለኛል። የልጅ ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ትማራለች። ታሪኩን ስነግራት ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት፤ እጇንም እንደሚፈጭ ሰው ወደ ፊት ዘረጋችው። ከዚያ «አባባ፣ ማንም አላዘነላትም?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዝነውላታል፤ ድንጋዩን ያመጡላት ስላዘኑላት ነው» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ለምን አላስተዋትም?» አለችኝ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ግን ለእናንተ አስተላልፌአለሁ።